ከኳሱ ሜዳ ዳር አንዲት ድንኳን፦ ለስፖርት ፌዴሬሽናችን ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ለኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ የቦርድ አባላት፣ እንዲሁም በየከተማው ላላችሁ የቡድን መሪዎች

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው። በየዓመቱ በጁላይ መጀመሪያ በምታዘጋጁት ሳምንት፣ ከኳሱ ሜዳ ዳር፣ ከቡናውና ከጥብሱ ድንኳኖች መሃል አንዲት ድንኳን ለአንድ ከሰዓት በኋላ ስጡን። ጠረጴዛ፣ ጥቂት ወንበርና ጥላ ካለ ይበቃል። ልጆቻቸው ከእግር ኳስ ውጭ ሌላ ስፖርት የሚጫወቱ ወላጆች እዚያ ቁጭ ብለው ስለ ኮሌጅ ስፖርት በገዛ ቋንቋቸው ይጠያየቁ። በቴኒሱ በኩል ያለውን እኔ ላስረዳ ፈቃደኛ ነኝ። ዋናውን፣ ጎልፉን፣ መረብ ኳሱን የሚያውቁም ከመካከላችን አይጠፉም።

ደብዳቤውን ለእናንተ ብቻ ልልክ እችል ነበር። በግልጽ የጻፍኩት ሌሎች ወላጆችም እንዲያነቡት ብዬ ነው።

ልጄ ራኬት የጨበጠችው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ካውንቲው ለሕዝብ በሠራው ሜዳ ላይ ነው። ዛሬ ኮሌጅ ገብታ ለትምህርት ቤቷ ቡድን ትጫወታለች። ፕሮፌሽናል አትሆንም፤ እሷም ታውቀዋለች፣ ደስተኛም ናት። ከዚያ ሜዳ እስከ ኮሌጁ ቡድን ያለውን መንገድ ግን አስቀድሞ የነገረን የኛ ሰው አልነበረም። የኛ ሰው ሲያገኘን የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ለምን አትሮጥም?» ኢትዮጵያዊ ሆኖ ራኬት የያዘ ልጅ ሩጫ የከዳ ይመስላል መሰለኝ።

ስለ እግር ኳስ ቢሆን ኖሮ የምንጠይቀው ሰው ሞልቷል። እናንተ ከ1984 ጀምሮ ይህን ሁሉ ሕዝብ በኳስ ዙሪያ ሰብስባችኋል። ቴኒስ ላይ ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ ለብቻው ነው የሚደናበረው። አንዱ የከፈለበትን ትምህርት ሌላው እንደ አዲስ ይከፍልበታል።

እስቲ ከልጆቹ ውድድር ልጀምር። የአሜሪካ ቴኒስ ማኅበር ልጆቹን ከ12፣ ከ14፣ ከ16 እና ከ18 ዓመት በታች ብሎ ይከፍላቸዋል። ውድድሮቹ ደግሞ ከደረጃ 7 እስከ ደረጃ 1 ይወጣሉ። ደረጃ 7 ሰፈር ውስጥ የሚደረግ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ሄዶ ከሰዓት ቤት መግባት ይቻላል። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ሆቴልና አውሮፕላን ይመጣል። ጫፉ ላይ ብሔራዊ ሻምፒዮናው አለ፤ ወንዶቹ ሚሺጋን ካላማዙ፣ ሴቶቹ ሳንዲያጎ ይሄዳሉ። እዚያ ከ18 ዓመት በታች ያሸነፈ ልጅ ከዓለም ትላልቅ የቴኒስ ውድድሮች አንዱ በሆነው በዩ ኤስ ኦፕን ዋናው ውድድር ውስጥ ይገባል። ይህ ለጥቂቶች ነው። አብዛኛው ልጅ መሃል ላይ ካሉት ደረጃዎች ሲወጣና ሲወርድ ሃይስኩል ያልቅበታል፤ ኮሌጅ ከሚጫወቱትም ብዙዎቹ የሚመጡት ከዚያው ከመሃሉ ነው።

እዚያ ሜዳ ዳር መቀመጥ ራሱ ትምህርት ይጠይቃል። በልጆች ውድድር ላይ በየሜዳው ዳኛ የለም። አንድ ሰው በብዙ ሜዳዎች መካከል ይዘዋወራል እንጂ፣ ኳሷ ውስጥ ነች ውጭ የሚሉት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። የ12 ዓመት ልጅ በሙሉ ፍጥነት እየሮጠች መስመሩ አጠገብ ባረፈች ኳስ ላይ ትፈርዳለች። ከተጠራጠረች ለተጋጣሚዋ ትፈርዳለች፤ ደንቡ እንደዚያ ይላል። የሚያጭበረብሩ አሉ? አሉ። ጮሆ የሚከራከረው ወላጅ ግን ልጁን ነው የሚጎዳው፤ ከአጥሩ ውጭ ያለ ሰው በፍርዱ ጣልቃ መግባት አይፈቀድለትማ።

አንድ ጊዜ ልጄ በተከታታይ ሰርቭ ስታበላሽ ከአፌ አምልጦኝ «አይዞሽ!» አልኩ። የተጋጣሚዋ እናት ዞራ አየችኝ። ትንሽ ቆይቶ ተዘዋዋሪው ዳኛ መጣና በሌላ ቋንቋ እያሠለጠንኩ ነው የሚል አቤቱታ እንደቀረበብኝ በትሕትና ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ እስከ ሃይስኩል ማብቂያ በጭብጨባ ብቻ ኖርኩ። ይህን የምነግራችሁ ለሳቅ አይደለም (ይሳቅበት እንጂ፣ እኔም ስቄያለሁ)። የኛ ወላጆች ልጃቸው ሜዳ ላይ ስትቸገር ዝም ማለት አይሆንላቸውም። የሜዳ ዳሩን ደንብ ቀድሞ የሚነግራቸው ሰው ቢኖር ጥሩ ነው።

ትልቁ አለመግባባት ግን ሽንፈት ላይ ነው። እኛ ልጅ ከውድድር ሲመለስ «አሸነፍክ?» ብለን ነው የምንጠይቀው። ዋንጫ ካለ ሳሎን ላይ ይደረደራል። የኮሌጅ አሰልጣኝ ስለ ዋንጫው አይጠይቅም። የሚያየው ዩ ቲ አር የሚባለውን ቁጥር ነው። ከ1 ጀምሮ እስከ 16.5 ይደርሳል። የሚሰላው በአንድ ዓመት ውስጥ ከተደረጉ የመጨረሻዎቹ 30 ግጥሚያዎች ሲሆን፣ ማሸነፍና መሸነፍ ብቻውን አይደለም የሚቆጠረው። ከማን ጋር ተጫወትክ፣ ስንት ጌም ወሰድክ ነው ነገሩ። በጣም የምትበልጥ ልጅ 6 ለ 4፣ 6 ለ 4 ብታሸንፍሽ ቁጥርሽ ሊጨምር ይችላል። ከአንቺ በብዙ የምታንስን ልጅ በጭንቅ 7 ለ 5፣ 7 ለ 5 አሸንፈሽ ደግሞ ሊወርድ ይችላል። የዓለም ቴኒስ ፌዴሬሽን የራሱ ሌላ ቁጥር አለው፤ እሱ ከ40 ተነሥቶ ወደ 1 ይወርዳል፣ ዝቅ ሲል ነው ጥሩ የሚሆነው። ሁለቱን ቁጥሮች አምታቶ በልጁ ላይ የተቆጣ አባት አውቃለሁ።

ይህን የተረዳ ቤተሰብ ገንዘቡን በሌላ መንገድ ያወጣል። ለነጥብ ብሎ በየሳምንቱ ሩቅ ከተማ መብረር አያስፈልገውም። ዲሲ አካባቢ ጠንካራ ተጫዋች ሞልቷል፤ በመኪና ተደርሶ የሚመለስበት ውድድር ላይ ከጠንካራ ልጅ ጋር ተጫውቶ መሸነፍ፣ ፍሎሪዳ ድረስ ሄዶ በመጀመሪያው ዙር ከመውደቅ ይሻላል። ውጤቱ የትም ይመዝገብ የት ያው ይቆጠራል።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። እዚህ ላይ ነው ሰዉ የሚሞኘው።

«ልጄ በቴኒስ ሙሉ ስኮላርሺፕ ያገኛል» የሚል ወላጅ በየቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ፣ በየመስጊዱ ደጅ ታገኛላችሁ። ምኞቱን አልነቅፍም። ሒሳቡን ግን ይወቀው። ኤን ሲ ኤ ኤ በሚባለው ማኅበር ትልቁ ደረጃ፣ ማለትም ዲቪዥን አንድ ላይ፣ አንድ የወንዶች ቴኒስ ቡድን እስከ 2025 ድረስ መስጠት የሚችለው 4.5 ስኮላርሺፕ ብቻ ነበር። አራት ተኩል! አሰልጣኙ ያንን እንደ ድፎ ዳቦ እየቆረሰ ለስምንትና ለዘጠኝ ልጅ ያካፍለዋል። ለአንዱ ግማሽ፣ ለአንዱ ሩብ፣ ለአንዱ የመጻሕፍት ዋጋ፣ ለአንዱ ማልያ ብቻ። የሴቶቹ ቡድን 8 ሙሉ ስኮላርሺፕ ነበረው። ልዩነቱ የመጣው ከአሜሪካን ፉትቦል ነው። አንድ ትልቅ የፉትቦል ቡድን 85 ስኮላርሺፕ ለወንዶች ሲወስድ፣ በ1972 የወጣው ታይትል ናይን የሚባለው ሕግ ደግሞ ለሴቶች እኩል ዕድል ይስጡ ስለሚል፣ ትምህርት ቤቶቹ ሚዛኑን በሌሎች ስፖርቶች ያስተካክሉ ነበር። ስለዚህ ሴት ልጅ ያለው ወላጅ ትንሽ የተሻለ በር ነበረው።

ይህም ተለወጠ። በጁን 2025 ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን አትሌቶች ኤን ሲ ኤ ኤን በከሰሱበት፣ በዋናተኛው ግራንት ሃውስ ስም በሚታወቀው ክስ የተደረሰውን ስምምነት አጸደቁ። ስምምነቱን በተቀበሉ ትምህርት ቤቶች የስኮላርሺፕ ቁጥር ገደብ ተነሥቶ በምትኩ የቡድን አባላት ቁጥር ተገደበ፤ ለቴኒስ በወንድም በሴትም 10 ሰው። ወሬው እኛ ዘንድ ሲደርስ «አሁንማ ለአሥሩም ሙሉ ስኮላርሺፕ ሆነ» ተባለ። ተፈቀደ ማለት ተመደበ ማለት አይደለም። ያው ስምምነት ትምህርት ቤቶቹ ለአትሌቶች በቀጥታ፣ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ በር ከፍቷል፤ ያ ገንዘብ የሚሄደው በአብዛኛው ወደ ፉትቦልና ወደ ባስኬትቦል ነው። ቴኒስ ገንዘብ አያስገባም። በጀት ሲጠብ የቴኒስ ቡድናቸውን የዘጉ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። በአሥር ሰው ገደቡ ደግሞ ድሮ ያለ ስኮላርሺፕ ቡድኑ ውስጥ ተጠግተው ይለማመዱ የነበሩ ልጆች ቦታ አጡ።

በዚያ ላይ ፉክክሩ ከሰፈር ልጅ ጋር አይደለም። በዲቪዥን አንድ ቴኒስ ከሚጫወቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። የ18 ዓመት ልጃችሁ ቦታ የሚሻማው አውሮፓ ውስጥ የአዋቂ ውድድር ከቀመሰ ልጅ ጋር ነው። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር ስሙን ያስመዘገበ የ21 ዓመት ተጫዋችም አለ። አሰልጣኙ ሥራው በውጤት ስለሚለካ የበሰለውን ይመርጣል። ክፋት የለበትም፤ እኔም እሱን ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር።

ታዲያ በሩ ተዘጋ ማለት ነው? ኧረ በጭራሽ። ቴኒስ ከዲቪዥን አንድ ውጭም አለ። ዲቪዥን ሁለት አለ፣ ኤን ኤ አይ ኤ የሚባለው ሌላ ማኅበር አለ፣ የሁለት ዓመት ኮሌጆች አሉ። ከሁሉ የሚበዛው ዲቪዥን ሦስት ነው፤ ከ400 በላይ ትምህርት ቤቶች አሉበት። ዲቪዥን ሦስት ለስፖርት ተብሎ አንድ ዶላር ስኮላርሺፕ አይሰጥም። ይህን ሲሰሙ የኛ ወላጆች ፊታቸውን ያዞራሉ። እዚህ ላይ ነው እጃቸውን ይዤ ማስቆም የምፈልገው።

ከእነዚህ ኮሌጆች መካከል በጣም ሀብታሞች አሉ። ሀብታሞቹ የቤተሰቡን ገቢ አይተው «ይህ ቤተሰብ መክፈል የሚችለው ይህን ያህል ነው» ይሉና ቀሪውን ራሳቸው ይሸፍናሉ። ሃርቫርድና ዬል ያሉበት የአይቪ ሊግ ስብስብም እንዲሁ ነው፤ ዲቪዥን አንድ ቢሆንም ለስፖርት ስኮላርሺፕ የለውም፣ በቤተሰብ ገቢ ግን ይረዳል። ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ አባትና የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ እናት ያሉት ልጅ፣ ከዲቪዥን አንድ የሚደርሰው ሩብ ስኮላርሺፕ ከዚህ እርዳታ ጋር ሲተያይ ኢምንት ሊሆን ይችላል። የቴኒሱ ጥቅም ሌላ ቦታ ላይ ነው። አሰልጣኙ ስሙን ለመግቢያ ቢሮው «ይህን ልጅ እፈልገዋለሁ» ብሎ ያቀርብለታል። በሺዎች ከሚቆጠር ማመልከቻ መካከል ያቺ ቃል ዋጋ አላት። ራኬቱ በሩን ያንኳኳል፤ የሚከፍተው ግን የትምህርት ውጤቱ ነው። ሒሳብ የወደቀ ልጅ ፎርሃንዱ ቢያምር አሰልጣኙ ምንም ሊያደርግለት አይችልም።

ለዲቪዥን አንድም ቢሆን የትምህርት መሥፈርት አለ። ሃይስኩል ውስጥ 16 መሠረታዊ ኮርሶች መጨረስ ያስፈልጋል፤ ከእነሱም 10ሩ 12ኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለባቸው። አማካይ ውጤት ቢያንስ 2.3። ኤስ ኤ ቲ የሚባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ከ2023 ወዲህ ለዚህ መሥፈርት አይጠየቅም፤ ኮሌጁ ራሱ ሊጠይቅ ግን ይችላል። ይህን 11ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ የሰማ ቤተሰብ ዘግይቷል፤ የጎደለ ኮርስ በአንድ ክረምት ተሯሩጦ አይሞላም።

እንግዲህ ለምን በእናንተ ሳምንት ላይ ሙጭጭ እንዳልኩ ልንገራችሁ። የዲቪዥን አንድ አሰልጣኝ ልጁን በስልክም በመልእክትም ማናገር የሚፈቀድለት 10ኛ ክፍል ካለቀ በኋላ ከጁን 15 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ልጁ ቢጽፍለት እንኳ አሰልጣኙ ተገቢ መልስ መስጠት አይችልም። ብዙ ልጅ ይህን ሳያውቅ መልስ ሲያጣ «አልፈለጉኝም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። በኦገስት 1 ደግሞ ኮሌጁ ወጪውን ችሎ ልጁን ለጉብኝት መጥራት ይፈቀድለታል። 11ኛ ክፍልን ለጨረሱትም ጁላይ ወሳኝ ወር ነው። ብዙ የዲቪዥን ሦስትና የአይቪ ሊግ አሰልጣኞች የልጁን ውጤት ለመግቢያ ቢሮው አስቀድመው የሚያስነብቡት በዚያን ጊዜ ነው። ቢሮው «ተስፋ አለው» ወይም «አይደክም» ይላል።

አያችሁት? በጁን 15 እና በኦገስት 1 መካከል፣ ቤተሰቦቻችን ከየስቴቱ ተነሥተው አንድ ቦታ የሚገናኙበት ሳምንት ያለው እናንተ ጋ ብቻ ነው። በ2024 አትላንታ፣ በ2025 ሲያትል ያ ሁሉ ሰው ሲጎርፍ፣ ከመካከሉ 10ኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ያለው ወላጅ አይጠፋም። ቀኑ ራሱ ተመቻችቶልናል።

ድንኳኗ ውስጥ ደግሞ ደንብ ብቻ አይደለም የሚነገረው። የጨዋነታችንም ነገር አለ። ልጆቻችንን ታላቅ ሲናገር አንገት ደፍተው እንዲሰሙ፣ ስለ ራሳቸው እንዳያወሩ አድርገን ነው የምናሳድጋቸው። የኮሌጅ አሰልጣኝ ግን ማወቅ የሚፈልገው ልጁን ነው። ደብዳቤውን ልጁ ራሱ ይጻፍ፤ «ዩ ቲ አሬ ይህን ያህል ነው፣ የትምህርት ውጤቴ ይህ ነው፣ ከእናንተ ኮሌጅ ይህን መማር እፈልጋለሁ፣ ይህ ቪዲዮዬ ነው» ይበል። አጭር ይሁን። ቪዲዮውም ሙዚቃ የተጫነበት ምርጥ ምርጡ ብቻ አይሁን፤ አሰልጣኞች ያልተቆራረጠ ጨዋታ ማየት ይወዳሉ። ልጁ ነጥብ ካጣ በኋላ ምን እንደሚያደርግ ነው የሚያዩት። ራኬት ይወረውራል? ትከሻው ይወድቃል? ስልኩን አባት አንሥቶ ስለ ልጁ ሲያወራ ግን አሰልጣኙ በልቡ ሌላ ነገር ያስባል። ልጄ የመጀመሪያው ስልክ ሲደወልላት መኪና ውስጥ ገብታ በር ዘግታ ነው ያወራችው። እኔ በመስኮት በኩል ፊቷን እያየሁ ለመገመት እሞክር ነበር። ስትወጣ የነገረችኝ አሰልጣኟ የትኛውን መጽሐፍ እያነበበች እንደሆነ እንደጠየቀቻት ነው። ስለ ቴኒስ ብዙም አላወሩም።

ስለ ደላሎቹም መባል አለበት። «ልጅዎን ኮሌጅ እናስገባለን» የሚሉ ድርጅቶች አሉ። ስም አልጠራም። አንድ የማውቀው ቤተሰብ ለእንዲህ ዓይነቱ አገልግሎት ከባድ ገንዘብ ከፍሎ በምላሹ ያገኘው የአሰልጣኞች ኢሜይል ዝርዝርና ለሁሉም የሚላክ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ነው። ኢሜይሎቹ በየኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ በነጻ የተለጠፉ ናቸው። ደብዳቤው ደግሞ የአንዱን ኮሌጅ ስም ሳያጠፋ ለሌላው ሄዶ አሳፍሯቸዋል። በዚህ ሥራ ውስጥ ጨዋ አማካሪዎች የሉም አልልም። አብዛኛውን ነገር ግን ልጁና ወላጁ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ሊሠሩት ይችላሉ፤ የሚያስፈልጋቸው ያለፈበት ሰው ብቻ ነው።

እዚህ ዲሲ አካባቢ ወላጆች ሁሌ የሚያነሡት ምሳሌ የቴኒስ ተጫዋቹ ፍራንሲስ ቲያፎ ነው። ይገባቸዋል። አባቱ ከሴራሊዮን መጥቶ በ1999 ሜሪላንድ ኮሌጅ ፓርክ ውስጥ የልጆች ቴኒስ ማዕከል ሲሠራ በግንባታው ላይ ተቀጠረ፤ ከዚያም የጥገና ሠራተኛ ሆኖ ቀረ። ልጆቹ ማዕከሉ ውስጥ አብረውት እያደሩ አደጉ። ፍራንሲስ በ2022 ዩ ኤስ ኦፕን ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። የስደተኛ ልብ የሚያሞቅ ታሪክ ነው። ግን እሱ ገና በ17 ዓመቱ ፕሮፌሽናል ሆነ፤ በኮሌጅ በኩል አላለፈም። ለኛ ልጆች ይበልጥ የሚጠቅመው የተጫዋቿ የዳኒዬል ኮሊንስ ታሪክ ይመስለኛል። ፍሎሪዳ ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ በሕዝብ ሜዳዎች ላይ ተጫውታ ያደገች፣ አባቷ አትክልተኛ እናቷ የሕፃናት አስተማሪ የሆኑ ልጅ ናት። ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ አልተመቻትም፤ ወደ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረች። እዚያ በ2014 እና በ2016 የኮሌጆች ነጠላ ሻምፒዮን ሆና፣ ዲግሪዋን ይዛ ወጣች። በ2022 የአውስትራሊያ ኦፕን ፍጻሜ ተጫወተች። ከፊታችን ያለው ቨርጂኒያ ደግሞ የአርተር አሽ አገር ነው። ሪችመንድ ተወልዶ፣ ጥቁር ስለሆነ ብቻ በከተማው ሜዳዎች መጫወት ተከልክሎ፣ ሎስ አንጀለስ ዩ ሲ ኤል ኤ ዩኒቨርሲቲ በስኮላርሺፕ ገብቶ በ1965 የኮሌጆች ሻምፒዮን የሆነ ሰው። ዩ ኤስ ኦፕንን በ1968፣ ዊምብልደንን በ1975 አሸነፈ።

ኮሌጅ ቴኒስ ራሱ ምን እንደሚመስል ብዙ ወላጅ አያውቅም። በጁኒየር ውድድር ልጁ ብቻውን ነው፤ ብቻውን ያሸንፋል፣ ብቻውን መኪና ውስጥ ያለቅሳል። ኮሌጅ ግን ቡድን ነው። በዲቪዥን አንድ አንድ ግጥሚያ ሰባት ነጥብ አለው። መጀመሪያ ሦስት የጥንድ ጨዋታዎች በአንድ ጊዜ ይጀመራሉ፤ ከሦስቱ ሁለቱን የወሰደ አንድ ነጥብ ያገኛል። ቀጥሎ ስድስት ነጠላ፣ እያንዳንዱ አንድ ነጥብ። ቀድሞ አራት የደረሰ አሸነፈ። አሰልጣኞች ሜዳው ውስጥ ገብተው ይመክራሉ። ጓደኞች አጥር ላይ ተንጠልጥለው ይጮኻሉ።

ልጄ አራተኛ ሜዳ ላይ ነው የምትጫወተው። ባለፈው ስፕሪንግ አንድ ቀን ሌሎቹ ሁሉ ጨርሰው ውጤቱ እኩል ሆነና የሷ ሜዳ ብቻ ቀረ። የሁለቱ ቡድን ልጆች በሙሉ ወደ እሷ ሜዳ ግር ብለው መጡ። ነፋሱ ኃይለኛ ስለነበር ሰርቭ ለማድረግ ኳሷን ወርውራ እየያዘች ደጋግማ አቆመች። የቡድን ጓደኛዋ፣ ከቼክ የመጣች ረጅም ልጅ፣ ፎጣዋን እንደ ባንዲራ እያውለበለበች ስሟን ትጠራለች። እኔም ከብዙ ዓመት ዝምታ በኋላ በሙሉ ድምፄ «አይዞሽ! በርቺ!» አልኩ። ማንም ዞሮ አላየኝም። ያን ቀን ተሸነፈች፣ ቡድኑም አብሮ ተሸነፈ፤ ጓደኞቿ ግን ከበዋት ነው ወደ አውቶቡሱ የሄዱት። ጁኒየር ሳለች እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ከእናንተ ገንዘብ አልጠይቅም። ለወላጆች የሚታደል ወረቀት በአማርኛ አዘጋጅቻለሁ፤ ወደ ኦሮምኛና ወደ ትግርኛ የሚመልሱልኝ ሰዎችም አሉ። የማሳተሚያውን እኔ እችላለሁ። ኮሌጅ ተጫውተው የጨረሱ የኛ ልጆች መጥተው ከታናናሾቻቸው ጋር እንዲያወሩ አነጋግሬያለሁ፤ እሺ ብለዋል። ወላጅ የማይጠይቀውን ልጁ እነሱን ይጠይቃቸዋል። ከእናንተ የምንፈልገው ቦታውን፣ በፕሮግራማችሁ ላይ አንድ መስመር፣ በሜዳው ድምፅ ማጉያ ደግሞ አንድ ማስታወቂያ ነው። በዕረፍት ሰዓት ብትናገሩት ይበቃል፤ ጎል ሲገባማ ማንም አይሰማም።

ለዋናው ሳምንት ዘንድሮ ካልደረሰ፣ የከተማ ቡድኖች በየበጋው በሚያደርጓቸው የሰፈር ጨዋታዎች ላይ መጀመር ይቻላል። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያሉትን ቡድኖች የእናንተን መልስ ሳልጠብቅ በአካል ሄጄ ልጠይቃቸው አስቤያለሁ። እሺ ካሉኝ የመጀመሪያውን ስብሰባ ከጁን 15 በኋላ ባለው ቅዳሜ እናደርገዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንዲት ኮሌጅ ቴኒስ ተጫዋች አባት
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ